ጅግራ የቀናችባት ታንኳ

ቀረብ በሉ ልጆች፤ ትልልቆቹም ጆሯችሁን ወዲህ አድርጉ፣ ነገሩ ለእናንተም ነው። ድሮ፣ ወፎች እንደ ሰው ትዳር ይዘው ሲኖሩ፣ ስሟ በጠፋኝ በአንዲት የሐይቅ ዳር አገር እመት ዶሮ የምትባል ነበረች። ባሏን ሸለምጥማጥ በላባት። እሷም "ከእንግዲህ የብስ ለእኔ ምኔ ነው!" ብላ ደንገል አጨደች፣ አሰረች፣ ሁለት ታንኳ ሠራች። ስድስት ጫጩቶቿን ይዛም ውሃ ላይ መኖር ጀመረች። በአንደኛዋ ታንኳ ስትኖር ሌላዋ ዳር ላይ ዛፍ ተደግፋ ትውላለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትቀያይራቸዋለች።

ከሐይቁ ከፍ ብሎ፣ ጉብታው ላይ፣ እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ እመት ጅግራ ከባሏ ጋር ትኖር ነበር። ሥራ የላትም አልላችሁም፤ ዋና ሥራዋ ግን ዶሮን ማየት ነበር።

ዶሮ ከደጃፏ ጎንበስ ብላ ውሃ ስትቀዳ ጅግራ አየች። ጅግራ ራሷ ግን እንስራ አዝላ ጉብታውን ስትወጣ ወገቧ ይቆረጣል። አንጀቷ እርር አለ።

"እሷን ብሎ ባለ ታንኳ! እኔ ምን ጎደለኝ?" አለች።

በማግስቱ ዶሮ ቤቷን ጠርጋ ጉድፉን ሐይቁ ውስጥ ጣል ስታደርግ ዓሦቹ እየተሻሙ በሉላት። ጥራጊ ተሸክሞ መሄድ የለ፣ ምን የለ!

"እሷን ብሎ ባለ ታንኳ! እኔ ምን ጎደለኝ?"

ከሁሉ ያንገበገባት ግን ያቺ ዛፍ ተደግፋ የምትውለዋ ነበረች። "አየሃት አንተዬ? አንዷ አልበቃ ብሏት ሁለተኛዋን ፀሐይ ታሞቃታለች! ልታሳየኝ እኮ ነው!"

ባሏ አያ ጅግራ ረጋ ያለ ነው። "ለምን ሁለት እንዳስፈለጋት ጠይቂያታ።"

"እኔ? ዶሮን ልጠይቅ? ሞቼ ነው ቆሜ!"

አንድ ቀን ዶሮ ጫጩቶቿን ስታጥብ ጅግራ ተሹለክልካ ወረደች። ድስቷን፣ ፍራሿን፣ የዱቄት ስልቻዋን ጭና፣ ዳር ያለችውን ታንኳ ገፍታ እልም አለች። ባሏን "ና" ብትለው "እኔ እሾኼ ይሻለኛል" ብሎ ቀረ።

አመሻሽ ላይ ዶሮ ልትቀይር ብትመጣ ታንኳዋ የለችም። ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ። "እትዬ ጅግራ፣ በሞቴ ታንኳዬን መልሺልኝ! ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ይቺኛዋ ጠጥታ ከብዳለች፣ ነገን አትደርስም። ዳር እንዳላድር ሸለምጥማጥ አለ። ልጆቼን ምን ላድርጋቸው?"

"ስንት ዘመን ተገትራ የከረመችው ዛሬ እኔ ስይዛት አማረችሽ? ሂጂ ወዲያ፣ ምቀኛ!"

አያ ጅግራ ይህን ሰምቶ አፈረ። ዶሮንና ልጆቿን እሾሁ ውስጥ አስጠጋቸው። ሸለምጥማጥ ዙሪያውን ቢያሸት እሾሁ አፍንጫውን ወጋውና ሄደ። ሲነጋ ዶሮ እርጥቧን ታንኳ እየጎተተች አውጥታ ፀሐይ ላይ አቆመቻት።

ጅግራ ደግሞ በዚያ ጠዋት ሐይቁ መሐል ሆና ልብስ ታጥባለች፣ ትዘፍናለች፣ ዶሮ እንድትሰማት ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። ወለሉ እርጥብ ሲሆንባት "ያጠብኩበት ውሃ ነው" ብላ ጠረገችው። ውሃው ተመለሰ። ደግማ ጠረገች። ተመለሰ። እኩለ ቀን ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ፤ እሷ አሁንም መጥረጊያዋን አልጣለችም።

ዶሮ ከዳር ጮኸች፦ "እትዬ ጅግራ፣ ታንኳዋ ጠጥታለች! ቶሎ ወደ ዳር ቅዘፊ!"

"አያችሁ፣ ቀናችብኝ!" አለች ጅግራ፤ ደስ አላት። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ታንኳዋ ዘመም አለች። ድስቱ ሄደ። ፍራሹ ተከተለ። የዱቄቱ ስልቻ ፈንድቶ ጅግራ ላይ ተበተነ፤ ከውሃው ጋር ተለውሶም ሊጥ ሆነ። ልትበር ብትል ሊጥ የተለጠፈበት ክንፏ አልዘረጋ አላት። "ኧረ የወፍ ያለህ!"

ዶሮ ፀሐይ የመታትን ደረቋን ታንኳ ገፍታ ቀዘፈች፤ ጅግራን ባንገቷ ይዛ ጎትታ አወጣቻት።

ጅግራ እየተንቀጠቀጠች፣ ውሃ እየተፋች፣ "ደንገል ውሃ እንደሚጠጣ ምነው ሳትነግሪኝ?" አለች።

"ነገርኩሽ እኮ፣ እትዬ፤ ያውም እየጮህኩ።"

ጅግራ ሳምንቱን ሙሉ ደንገል ስታጭድና ስታስር ሰንብታ የጠፋችውን ታንኳ ተካች። ሊጡ ግን ላባዋ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ደረቀ፤ ብታጥበው አልለቀቀም፣ እስከ ዛሬም እንደተዥጎረጎረች አለች። ለዚህ ነው አባቶቻችን፦

"ቅናተኛ ዓይኑ ጎረቤት ይውላል፣ ጆሮው ቤት ይቀራል" የሚሉት።