የዓሣ ወናፍ ለምን ተወደደ

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ በበጋው ሐሩር እየተቆራረጠ ኩሬ ኩሬ ሆኖ በቀረበት ወራት፣ ጨው ጭና ከቆላ ደጋ የምትመላለስ አንዲት አህያ ነበረች። ከዕለታት በአንዱ፣ ኩሬው ዳር ጭቃ ውስጥ የምትንፈራገጥ ትንሽ ዓሣ አየችና አዘነችላት። በከንፈሯ ቀስ አድርጋ አንስታ የመጠጥ ውሃዋን በያዘችበት ቅል ከተተቻት፤ ወደ ቤቷም ወሰደቻት። ስሟን ብልጭት አለቻት።

ከቀበሮ ሱቅ የመስታወት ገንዳ ገዛችላት። ለእሱ ብቻ ለበጋው ካስቀመጠችው ገብስ ግማሹ ሄደ። አህያ ግን አልቆጫትም። ቀኑን ሙሉ «ሂጂ! ተነሺ! ምን ይገትርሻል!» ሲሏት ውላ ማታ ስትገባ፣ ብልጭት መስታወቱን ተጠግታ «እንኳን ደህና መጣሽ» ትላታለች። አህያን እንዲህ ያላት ሌላ ማንም አልነበረም።

አንድ ቀን ፀሐይዋ ከወትሮው ከረረች። አህያ በቀትር ወደ ቤት ስትገባ ብልጭት ውሃው አናት ላይ ወጥታ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ምን ሆንሽብኝ የኔ እናት?»

«ውሃው ሞቀ… አየር አጠረኝ» አለች ብልጭት። ድምፅዋ በጭንቅ ነው የሚሰማው።

አህያ አዲስ ውሃ እንዳትቀዳ ኩሬው ደርቋል። ውሃው ላይ እፍ አለችበት፤ ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። የገብስ ከረጢቷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጥታ ሮጠች።

ቀበሮ ዋርካው ሥር ሱቁን ዘርግቶ ተቀምጧል። በዚያ አገር የዓሣ ዕቃ የሚሸጠው እሱ ብቻ ነው። የደረቀ ትል፣ የውሃ ማጥሪያ አሸዋ፣ ከቆዳ የተሠራ ትንሽ ወናፍ፤ ሁሉም ላይ ሰማያዊ ክር አስሮባቸዋል። አህያ እያለከለከች ስትደርስ ቀበሮ አስቀድሞ ያየው የአፍንጫዋን ቀዳዳ ነበር። እንዴት እንደሚርገበገብ በደንብ አየ።

«ጌታው ቀበሮ፣ ዓሣዬ አየር አጥሯት ልትሞትብኝ ነው!»

«ኧረ ክፉ አይንካት!» አለ ቀበሮ፤ ወናፉንም ብድግ አደረገ። «ይኸውልሽ የዓሣ ወናፍ። ሸምበቆውን ውሃው ውስጥ ትከቺና ታናፊላታለሽ፤ በቃ፣ ትድናለች።»

«ዋጋው ስንት ነው?»

«የቀረሽ ገብስ በሙሉ።»

«በሙሉ? በጋው እኮ ገና ነው! ምን ልበላ ነው?»

«ምን ላድርግ እመት አህዪት? ዕቃው የሚመጣው ከሩቅ ነው። ተሸካሚው ይከፈለዋል። የሚሰበረው ይሰበራል፤ ከትሉም ግማሹ መንገድ ላይ ይበላሻል። ገዢዎቼ ደግሞ አንቺና ጦጣ ብቻ ናችሁ። ኪሳራውን ማን ይቻልልኝ?»

«እባክህ ትንሽ ቀንስልኝ።»

ቀበሮ ወናፉን ወደ ቦታው መለሰው። «ገብሱ ከዓሣሽ ከበለጠብሽ ምርጫው ያንቺ ነው።»

አህያ አንገቷን ደፋች። «እሺ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ አያ ጅቦ ጭነቱን አዝሎ እያነከሰ ደረሰ። ለቀበሮ ዕቃ የሚያመላልሰው እሱ ነው። የትሉን ከረጢት መሬት ላይ ጣለው፤ ከረጢቱ ግን ግማሽ እንኳ አልነበረም።

«ጌታው፣ የዛሬው ትል ጨው በዝቶበታል» አለ ጅብ ከንፈሩን እየላሰ።

አህያ ጆሮዋን አቆመች። «መንገድ ላይ ተበላሸ የሚባለው ትል አንተ የበላኸው ነው እንዴ?»

«መንገዱ ረጅም ነው፤ ይርበኛል!» አለ ጅብ ሳያፍር። «እሱ እንደሆነ በተረፈው ላይ ዋጋ ይጨምርበታል። ምን ይጎዳል?»

«ዝም በል አንተ ሆዳም!» ቀበሮ ዘሎ ተነሣ።

ጅብ ስድቡ አንገበገበው። «እኔን ሆዳም ትለኛለህ? ያንን ወናፍ ኮረብታው ላይ ከአባ ጃርት በአንድ እፍኝ ገብስ ገዝቼ ያመጣሁልህ እኔ አይደለሁም? አንተ ክር ብቻ አይደል ያሰርክበት?»

ቀበሮ ግን ፈገግ አለ።

«ካመንሽው ሂጂያ። ኮረብታው ሩቅ ነው። አያ ጅቦ ደግሞ ትናንት የሆነውን ዛሬ የማያስታውስ ነው። ወናፉን ብታጪውስ? እስክትመለሺ ዓሣሽ ትጠብቅሻለች?»

አህያ ወናፉን አየች፤ ኮረብታውን አየች። ጅብ ሞኝ መሆኑን አገር ያውቃል። ግን እንዲህ ያለ ነገር ፈጥሮ ለመናገር እንኳ ብልሃት ይጠይቃል ብላ አሰበች። ዞር አለችና ሽቅብ ፈረጠጠች።

ድንጋዩ ሰኮናዋን ላጠው። ሁለቴ ወድቃ ተነሣች። በልቧ ግን የምታየው የብልጭትን አፍ ነበር፤ ሲከፈት፣ ሲዘጋ። «ተሳስቼ ይሆን? ገብሱን በሰጠሁ ይሻል ነበር ይሆን?» እያለች ደረሰች።

ሽማግሌው ጃርት ብረት እየቀጠቀጠ ነበር። «አባ ጃርት፣ ወናፍ አለዎት? ለዓሣ ነው!»

«እኔ ለእሳት ነው የምሠራው፤ አየሩ ግን ያው አየር ነው» አለና ትንሽ ወናፍ ሸምበቆ ገጥሞበት ሰጣት። አህያ አንገቷ ላይ ካንጠለጠለችው ከረጢት እፍኝ ገብስ አራገፈችለት።

«ቀበሮ የሸጠልኝ የመስታወት ገንዳ ዋጋም እንደ ወናፉ ውሸት ነበር?» አለችው።

«የለም፤ እሱስ እውነት ነው። ብዙው ዳገቱ ላይ ይሰበርበታል፤ በዚያ አልወቅሰውም። አሁን ግን ቆመሽ አታውሪ፣ ሂጂ!»

ቤት ስትደርስ ብልጭት በጎኗ ተንሳፍፋለች። አፏ ቆሟል። አህያ ሸምበቆውን ውሃው ውስጥ ከተተችና ወናፉን በሰኮናዋ ትጫነው ጀመር። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ብልጭት አልተንቀሳቀሰችም። አህያ ወናፉን መጫኗን አላቆመችም። እግሯ ዛለ፤ በሌላው እግሯ ቀጠለች። ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ ቤቱ ውስጥ ጥላ ገባ፤ አህያ ግን ከሥራዋ አልተነሣችም። በመጨረሻ አንዲት ክንፍ ውሃ ውስጥ ተንቀሳቀሰች። ቆየት ብላ ብልጭት ተገለበጠችና ቀና አለች። አህያ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

በማግስቱ ቀበሮ ሰማያዊ ክር ያለውን ወናፍ አንጠልጥሎ በሯ ላይ ቆመ።

«እመት አህዪት፣ አስቤበታለሁ። በእፍኝ ገብስ ውሰጂው።»

«ዕቃው ያው የትናንቱ ነው?»

«ያው ነው።»

«መንገዱ አጠረ?»

«አላጠረም።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልቀነስክልኝም?»

ቀበሮ ሳያስበው እውነቱ አመለጠው።

«ትናንት እያለከለክሽ ነበራ!»

ከዚህ የምንማረው የምንወደውን እንዳናጣ በተጨነቅንበት ሰዓት የሚጠራብን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚለካው በዕቃው ሳይሆን በጭንቀታችን መሆኑን ነው።