የወይዘሮ የሺመቤት ጋቢና

በአንድ ወቅት፣ ዙሪያው ሜዳ በሆነ ከተማ፣ ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ በጠመኔ ሲስሉ ኖሩ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። ጡረታ በወጡ ማግስት የሟች ባላቸውን ቮልስዋገን አጥበው፣ በደሴና በላሊበላ አድርገው ጎንደር፣ ከዚያም ሊማሊሞን እንደሚወርዱ ለልጆቻቸው አስታወቁ። መሪውን የሚይዙት ራሳቸው ናቸው። የኋላውን ወንበር አስነቅለው ፍራሽና የውሃ ጀሪካን ስለጫኑበት፣ የቀረው ቦታ ጋቢናው ብቻ ነበር።

ልጆቹ ቁልፉን ደበቁ። ደም ግፊት ያለባት ሴት ገደል ለገደል ምን ያንከራትታታል ብለው ሽማግሌ ላኩ። ለጋብቻ ሲሆን ያባት ነው፤ ለጉዞ ሽማግሌ ሲላክ ማን ሰምቶ ያውቃል?

የተላኩት ሦስት ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ቆመው፣ ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም አሉ።

«እንግዲያው ይቁሙ» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት፤ ካርታቸውን ማየት ቀጠሉ። በልባቸው ግን ተቆጡ። ትናንት አባትና ባል፣ ዛሬ ደግሞ የወለዷቸው ልጆች ሲከለክሏቸው፣ ታዲያ ሊማሊሞን መቼ ሊያዩት ነው?

አንድ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ከሦስቱ አንዱ፣ አቶ ወልደየስ፣ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ልመናው አበቃ ማለት ነው። ጓደኞቻቸው ሲያፈጡባቸው፣ ዓመት ሳይሞላ ዓይናቸው እንደሚጠፋ ሐኪም እንደነገራቸው ተናገሩ።

«ተራራውን ልይና ከዚያ ይጨልም» አሉ።

ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ ደባልቄ ሃያ ዓመት በሊማሊሞ መንገድ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ወጥተው መኪናዋ ሥር ገቡ። ፍሬኑ አልቆ ነበር፤ በዚያ ፍሬን የሚወርድ ሰው ከሁለተኛው ጥምዝ አያልፍም። ሁለት ቀን ለፍተው አደሱት። ጋቢናው ይሰጠኝ እንጂ መሪውን አልነካም ብለውም ማሉ፤ ሲምሉ ግን አንድ እጃቸው መሪው ላይ ነበር።

ሦስተኛው፣ ጡረተኛው ድሬሰር አቶ ሲራክ፣ ደግሞ የወይዘሮ የሺመቤትን ግፊት ለኩና ወደ ልጆቹ ሄዱ። አጠገቧ ሆኜ በሕይወት እመልሳታለሁ ብለው ቃል ገብተው ቁልፉን ተቀብለው አመጡላቸው። ግፊቱ ከፍ ካለ ግን ሊማሊሞ አፋፍ ላይም ቢሆን እንደሚያስመልሷቸው አልደበቁም።

ወይዘሮ የሺመቤት ቁልፉን በእጃቸው ይዘው አሰቡ። አንዱ ባይቀመጥ ሽምግልናው አይፈርስም ነበር፤ አንዱ ፍሬኑን ባያድስ ገደል ይገቡ ነበር፤ አንዱ ዋስ ባይሆን ቁልፉ አይገኝም ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስታችንም እንድንሄድ ፍራሹን ያውርዱት ሲሏቸው በጄ አላሉም፤ ተራራው ሥር ሊተኙበት ነው።

በጉዞው ጠዋት ሞተሩ ተነሥቷል፤ የጋቢናው በር ተከፍቷል። ሦስቱም ሽማግሌዎች፣ ያኔ ሳሎን ውስጥ እንደቆሙት፣ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

«ዛሬ የሚቀመጠው አንድ ሰው ነው» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ መሪውን የያዛችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ «ይቀመጡ» የምትሉት ለማን ነበር?