ጥንድ ያጡት ሦስት ስፒከሮች

በአንድ ወቅት፣ መብራት ሲመጣ ሰው በሚያጨበጭብበት ዘመን፣ ደንበጫ ከተማ ውስጥ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ሦስት ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ለብቻዋ አሳድጋለች። ወንዶቹ፣ ትልቁ ይበልጣል፣ መካከለኛው አንማውና ትንሹ ልየው፣ በየሠርጉ ቤት እየዞሩ ዘፈን የሚያጫውቱ ዲጄዎች ናቸው። እናታቸው ግን ጆሮዋ ከደከመ አራት ዓመት ሆኗታል። ሰው ሲስቅ አይታ ትስቃለች፤ ሳቋ ዘግይቶ ይደርሳል። የሰፈሩ ሴቶች ያኔ እርስ በርስ ይተያያሉ። የደከመው ጆሮዋ እንጂ ዓይኗ አይደለምና፣ ገበያውንም ማኅበሩንም ተወችው።

የሴት ልጇ የትሁን ሠርግ ሳምንት ሲቀረው የወንዶቹ አሮጌ የድምፅ ማጉያ ተቃጠለ። ሦስቱም ስፒከር ሊገዙ ባሕር ዳር ሄዱ። ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም፤ ማጉያውን በሆዱ የያዘ ስፒከር መጥቷል፣ ገመዱን ሰክቶ ማስጮኽ ብቻ ነው። ታዲያ ስፒከር የሚገዛው ጥንድ ጥንዱን ነው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይቆማል። ይህን የማያውቅ ዲጄ የለም። እነሱ ግን ሱቁ ደጃፍ ላይ ሳይስማሙ ቀሩና እልህ ተጋብተው በየራሳቸው አንዳንድ ገዙ።

ይበልጣል በግ እንደሚገዛ ሰው እያንዳንዱን ብድግ እያደረገ መዘነ። «የከበደው ነው የደለበው» አለና ወገብ የሚሰብረውን፣ ከበሮው ምድር የሚያንቀጠቅጠውን ግዙፉን መረጠ።

አንማው ነጋዴውን፣ «እስቲ ቆጣሪህን አጥፋው» አለው።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«አጥፋው ነው የምልህ!»

ጠፋ። ሱቁ ጭጭ ሲል ባትሪ ያለው አንዱ ብቻ መዝፈኑን ቀጠለ። ድምፁ የቆርቆሮ ነው፤ ቢሆንም አንማው እሱን ታቅፎ ወጣ።

ልየው ደግሞ ዘፈን አታሰማኝ አለ። ማይኩን ለነጋዴው ሰጠና፣ «እናትህን ጥራት» አለው።

«ሞታለች እኮ።»

«ቢሆንም ጥራት።»

ነጋዴው በየስፒከሩ «እማ» እያለ ዞረ። አንዷ ቀጭን ስፒከር ላይ ሲደርስ የገዛ ድምፁን ጥርት ብሎ ሰምቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እሷን ጠቅልልልኝ» አለ ልየው።

ሦስት የማይመሳሰሉ ሳጥኖች ተሸክመው ሲገቡ ደብሪቱ ወገቧን ይዛ ተቀበለቻቸው። «ጫማ እንኳ ጥንድ ነው እኮ! ምን ያሉትን ነው የወለድሁት?» ሰፈሩም ሲስቅባቸው ሰነበተ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ወላጅ የግቢው ደጃፍ ላይ ይመርቃታል፤ አባት ስለሌለ ምርቃቱ የደብሪቱ ነበር። እሷ ግን ድስት እጠብቃለሁ ብላ ጓዳ ገባች። «አጎትሽ ይመርቅሽ። እኔ ሰው ፊት እንደ ግንድ ቆሜ መሳቂያ ልሁን?»

«ያላንቺ ምርቃት ይህን ደጅ አልሻገርም!» ብላ ትሁን ጆሮዋ ላይ ጮኸች። ለደብሪቱ እንደ ንብ ጉምጉምታ ነው የደረሳት፤ ቢሆንም ከልጇ ፊት ገባት። ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች። ልጅቷም ቬሎዋን ሰብስባ መደቡ ላይ ቁጭ አለች፤ ሚዜዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ያኔ ይበልጣል ግዙፉን ስፒከር ተሸክሞ ከጓዳው ግድግዳ ጋር አስጠጋና ከበሮውን ለቀቀው። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ ማማሰያው ድስቱ ውስጥ ዘለለ። ደብሪቱ መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። «ምንድን ነው እንዲህ የሚመታኝ?» ከበሮ ነው! አራት ዓመት የጠፋባት ከበሮ በጆሮዋ እንቢ ቢል በአጥንቷ ገባ። ትከሻዋ ሳታዘው ተነሣ። እንደዚያው እየተውረገረገች ከጓዳ ወጥታ ድንኳኑ መሐል ደረሰች።

ደርሳ ሕዝቡን ብታይ ደነገጠች፤ ልትመለስ ዞረች። ልየው ከበሮውን አስጠፋና ቀጭኗን ስፒከር አጠገቧ አቁሞ ማይኩን ከኋላዋ ተከትላ ለወጣችው እህቱ ሰጣት።

«እማ» አለች ትሁን።

ደብሪቱ ባለችበት ቀጥ አለች።

«እማ፣ እኔ ከማንም ምርቃት አልፈልግም። ካንቺ ነው።»

እንደ ተነፋ ዱቄት ጥርት ብሎ፣ ቃል በቃል ገባላት። «ውይ ልጄን! ጆሮዬ ሲዘጋ የልጅ ድምፅ ነበረሽ» አለች እንባዋ እየወረደ። «ድምፅሽ ያደገው መቼ ነው?»

እጇን ዘርግታ ልትመርቅ አፏን ስትከፍት መብራት ሄደ። ግዙፉም ቀጭኗም ዲዳ ሆኑ። ውጭ መኪናው ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳኑ ይንጫጫል፤ የደብሪቱ ድምፅ ደግሞ ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ከጥርሷ አያልፍም። አንማው ባለባትሪውን ታቅፎ ሮጦ መጣና ማይኩን አፏ ሥር ደቀነ።

«የዘራሽው ይብቀል! የያዝሽው ይባረክ! ውለጂ፣ ክበጂ! እኔ ያልሰማሁት ሳቅ ሁሉ ቤትሽን ይሙላው!»

ያ ቆርቆሮ ድምፅ ምርቃቷን እስከ አስፋልቱ አደረሰው። ደብሪቱ አሜኑን ባትሰማውም የሰው አፍ ሁሉ ሲከፈት አየች። ትሁን ጉልበቷን ስማ የግቢውን ደጅ ተሻገረች።

በመልሱ ዕለት ትሁን አማቷ የፈተሉትን አንድ ጋቢ ይዛ መጣች። ለእናቷ ሰጥታ፣ «እናቴን ለሰጠኝ ወንድሜ አልብሺልኝ» አለቻት በማይክ።

«ከጓዳ ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለ ይበልጣል። «ሳትወጣ ምን ልትሰማ ነበር?»

«ወጥታማ ልትመለስ ዞራ ነበር» አለ ልየው። «ያቆማት የልጇ ድምፅ ነው።»

አንማው ሳቀ። «ሰምታ በልቧ ብትመርቅ ማን አሜን ይላት ነበር?»

«ያንን ቆርቆሮህን ይዘህ ደግሞ!» አለው ይበልጣል።

«ቆርቆሮው ነው ጉድህን የሸፈነልህ!»

ደብሪቱ ጋቢውን ክንዷ ላይ እንዳደረገች ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው። «ምነው፣ ቀድጄ ልስጣችሁ?» አለች። ለመልሱ የተጠሩት ሽማግሎች ሊፈርዱ ቁጭ ቢሉ እነሱም ሦስት ቦታ ተከፈሉ።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። ከተደበቀችበት ያወጣት፣ የልጇን ድምፅ የመለሰላት፣ ወይስ ምርቃቷን ለልጇ ያደረሰላት? ደብሪቱ ጋቢውን ለማን ታልብሰው?