የሽንቁር አምባ መውረጃ

ከጀማ ወንዝ ማዶ ሽንቁር አምባ የሚባል ነጭ የኖራ ድንጋይ ተራራ አለ። ጎኑ ሁሉ የተቦረቦረ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ እጅ ላይ ይፈረፈራል። ከግርጌው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ የአገሩ ሰዎች «መውረጃ» ይሉታል። እዚያ የሚቀመጡት ግን ከተራራው የወረዱ ሳይሆኑ ገና ሊወጡ ያሰቡ ናቸው። ወደ ጫፉ መውጣት የፈለገ ሰው በመጀመሪያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሚወርድ፣ ከላይ ጀምሮ፣ እርምጃ በእርምጃ ይናገራል። ስለ አወጣጡ የሚጠይቀው የለም። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል፤ ያልወጣ ሰው ስለ መውረድ ምን አስጨነቀው ይላል። የሽንቁር ሰዎችም ድሮ እንደዚሁ ይሉ ነበር፤ ማለቱን የተዉት፣ ሽማግሌዎቹ እንደሚናገሩት፣ በአንዲት ሴት ምክንያት ነው።

ሴትየዋ አስካለ ትባል ነበር፤ ከበሬ ቆዳ ጠፍር እየገመደች የምትኖር መበለት ነበረች። ቢተው የሚባል አንድ ወንድም ነበራት፤ እናታቸው በወሊድ ስትሞት ከአራስነቱ ጀምሮ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጅ ስላልወለደችም በዓለም ላይ ያላት እሱ ብቻ ነበር። ቢተው አድጎ የገደል ማር ቆራጭ ሆነ፤ በዚያ አገር እንደሱ ገደል የሚደፍር ሰው አልነበረም ይባላል።

በአንድ ዓመት ክረምቱ ጥሩ ዘንቦ ሳለ የተራራው ሥር ምንጭ ነጠፈ። ሕዝቡም ከብቱም የሚጠጣው ከዚያው ነበርና ጭንቅ ሆነ። የአምባውን ጫፍ የረገጠ ሰው ባይኖርም ውሃው ከዚያ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ በአካባቢው ጥድ የሚበቅለው ጫፉ ላይ ብቻ ሲሆን ፍሬው በየክረምቱ ከምንጩ አፍ ይወጣ ነበርና። ከማዶው ሸንተረር ላይ ሆነው ሲያዩ፣ ከጥዱ ሥር የነበረው ጥቁር ጉድጓድ ጠፍቶ ውሃ ተኝቶበታል። ናዳ ደፍኖታል ማለት ነው። የሚከፍተው ሰው መውጣት አለበት ተባለ፣ ያም ሰው ቢተው ሆነ።

ዘጠኝ ቀን ተመከረ። ጭቃ ሹሙ ማንያዘዋል አመድ አስነጥፎ ገደሉን በጣቱ ሳለ፤ ቢተውም የት እንደሚቆናጠጥ፣ የት እንደሚያርፍ እያመለከተ አስረዳ። ከወይራ የተጠረበው መርገጫ ሽብልቅ ጥቂት ስለሆነ የታችኛውን እየነቀለ ከላይ እንዲተክለው ተስማሙ። አስካለ የሰባት በሬ ቆዳ ገመደች፤ ቢተው ጫፉ ላይ ሲደርስ የደፈነውን ድንጋይ በዚያ ጠፍር አስሮ ይጎትተዋል ተባለ።

አስካለ ከወንዶቹ ኋላ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። ሽብልቁ ከተነቀለ፣ ጠፍሩም ለድንጋዩ ከሆነ፣ ሲወርድስ በምን ይወርዳል? ጥያቄው ሁለት ጊዜ አፏ ላይ ደርሶ ሁለት ጊዜ ዋጠችው። በዚያ ዘመን የሚሄድ ሰው ፊት ስለ መመለስ ማውራት ነውር ነበር፤ ልቡ ሸሸ፣ ወኔው ከዳው ያሰኛል። የፈሪ እህት መባልን ፈራች። ወንዶቹም ሳያስቡት ቀርተው እንዳልሆነ ይነገራል፤ እነሱም እንደሷው አፍረው ነው።

ቢተው ወጣ። በሦስተኛው ቀን ምንጩ አንዴ ጓጉሮ ቡልቅ አለ፣ አገሩም በእልልታ ተናወጠ። አስካለም ከሰው ጋር እልል እያለች ሳለ ውሃው አንድ ነገር ተፋ። ጎንበስ ብላ አነሳችው። የራሷ ጠፍር ነበር፤ ተበጥሶ ግማሹ ብቻ ቀርቷል።

እልልታውን ጥላ ወደ ገደሉ ሥር ሮጠች። ቢተው ጫፉ ላይ ቆሞ ነበር። ገደሉ ድምፅ ያቀርባልና እንደ ልብ ተደማመጡ።

«ቢተው! ከየት ጀምረህ ትወርዳለህ?»

«ከጥዱ ሥር ነው፣ እትዬ። ስንጥቁ ውስጥ እግሬን አስገባለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በግራ በኩል እርከን አለች፤ በሆዴ እሳባለሁ።»

«ከዚያስ?»

ከእርከኗ በታች ያለው ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው፤ ሲወጣ በሽብልቅ ነበር ያለፈው።

«ከዚያማ አላውቅም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እንዳትነቃነቅ! ሌላ ጠፍር እገምዳለሁ!»

ያን ቀን መንደሩ በሬ አረደ። አስካለ ጥሬ ቆዳ እየሸነሸነች መዳፏ እስኪተለተል ገመደች። ጠፍሩ ቢያልቅ ግን ማን ያድርስለት? የሞከሩት ሁሉ ከግድግዳው እየተመለሱ ወረዱ። እሷ በየማለዳው ከገደሉ ሥር ቆማ «ከየት ትጀምራለህ?» ትለዋለች፤ እሱም ይመልስላታል፤ ዘወትር እርከኗ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ሌሊቱን ዝናብ የጣለ ዕለት፣ በስድስተኛው ማለዳ፣ ጠየቀችው፣ አልመለሰም። ገሚሱ በጨለማ ሊወርድ ሞክሮ ከተራራው ጀርባ ወደቀ ይላል፤ ገሚሱ ብርድና ረኃብ ጨረሰው ይላል። አስከሬኑ አልተገኘም። አስካለ እስከ ማታ ስትጠይቅ ዋለች።

ተስካሩ በወጣ ጊዜ ጭቃ ሹሙ ተነሥቶ፣ ገደሉ ጀግናችንን በላብን ብሎ ሊያወድሰው ጀመረ። አስካለ አላስጨረሰችውም። «ገደሉን ተዉት» አለች። «ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ አፌን ይዤ። እናንተም አብራችሁኛል።»

በሚቀጥለው ዓመት ጉድጓዱ እንደገና ተደፈነ። በዚህ ጊዜ እወጣለሁ ብሎ የተነሣው የጭቃ ሹሙ ልጅ ደምለው ነበር። አመዱ ተነጥፎ ምክሩ ሊጀመር ሲል አስካለ መጥታ ከጠፍጣፋው ድንጋይ አጠገብ ተቀመጠች።

«ደምለው፣ ና ቁጭ በል። አወጣጥህን አልጠየቅሁህም። ወርደህ አሳየኝ።»

ወጣቱ አፈረ፤ አባቱን አየ። አባቱ መሬት መሬት ያይ ነበር። ደምለው ቁጭ ብሎ ጥዱን አለ፣ ስንጥቁን አለ፣ እርከኗን አለ። እሷ «ከዚያስ?» ትላለች። ግድግዳው ላይ ሲደርስ መንገዱ ጠፋበት።

«ቤትህ ግባ፣ ልጄ» አለችው።

ደምለው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። የሳቀ አልነበረም። ጭቃ ሹሙ ግን በአደባባይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ አለቀሰ ይባላል። ደምለው ስድስት ጊዜ ተመላልሶ፣ በሰባተኛው መሬት እስኪረግጥ ድረስ ሳይቆም ተናገረ፤ ሁለት ጠፍርና፣ መንቀል እንዳያስፈልገው፣ ሙሉ ሽብልቅ ይዞም ወጣ። ምንጩን ከፍቶ በእግሩ ወረደ።

ዛሬም እንዲሁ ነው። ጠያቂዋ የወጪው እናት ወይም እህት ናት፤ ሚስትም ትሆናለች። መንገዱን መሀል ላይ ያጣ ሰው ቤቱ ይገባል፣ ማንም ፈራ አይለውም። አንዳንዴ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ዘመድ አዝማድ የሌለው ሰው ተራራውን ልውጣ ይላል። ያን ጊዜ ውሃ ልትቀዳ የመጣች ማንኛዋም የሽንቁር ሴት እንስራዋን አስቀምጣ ከጎኑ ትቀመጣለች። ስሙን እንኳ ላታውቅ ትችላለች። «ከየት ትጀምራለህ፣ ወንድሜ?» ትለዋለች።