የግድግዳው ሐረግ

ሚስቱን አብዝቶ የሚወድ አንድ ባለጸጋ ነበረ፤ ሲሉ ጀመሩ መምህር አክሊሉ። በላቸው የሚባል ደቀ መዝሙራቸው፣ ልጁን የቀበረ ወዳጁ ባገኘው ቁጥር የልጁን ነገር እያነሣበት ተቸግሮ፣ «እንዲረሳው ብዬ ጨዋታ ብለውጥበት ጭራሽ ራቀኝ፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

የባለጸጋው ሚስት አንድ የጥንት መጽሐፍ ትወድ ነበር፤ የጠፋ ልጇን አገር ላገር ስትፈልግ ኖራ በስተርጅናዋ ያገኘች የአንዲት እናት ታሪክ። በኋላ ዐይኗ ጠፋ። ሌላ ሰው ሲያነብላት አይጥማትም፤ «እኔ ቆም የምልበት ላይ እናንተ ትሮጣላችሁ» ትላለች። ይህ የባሏን አንጀት በላው፤ ግድግዳ የሚያስጌጥ ሠዓሊ አስጠራ። ሠዓሊው መጽሐፉን አስነብቦ ከሰማ በኋላ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ እየለጠፈ ከእልፍኙ ግድግዳ ላይ በእጅ የሚዳሰስ ረጅም ሐረግ አወጣ። ታሪኩ ደስ በሚልበት ሐረጉ ይወጣል፤ በሚያሳዝንበት ይወርዳል። እናትየዋ ተስፋ በቆረጠችበት ቦታማ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

ሴትዮዋ በመዳፏ እየዳሰሰች ከጫፍ ጫፍ ትሄዳለች። ዝቅ ካለው ቦታ ስትደርስ ተንበርክካ ታለቅሳለች። ሐረጉ ሽቅብ ሲወጣ አብራው ትነሣለች፤ ልጁ ከተገኘበት ስትደርስ በእግሯ ጣቶች ቆማ እልል ትላለች።

ባልየው ግን መንበርከኳን ማየት አላስችል አለው። ሳይነግራት ዝቅ ያለውን አስፈርሶ እስከ ወገቧ ከፍ አስደረገው። ፍቅር አንዳንዴ ሰውን ያጃጅላል።

በማግስቱ ሴትዮዋ ዳስሳ ጨረሰች፤ እልል ግን አላለችም። «የኔ ጌታ፣ ሐረጉ ልጁ ተገኘ ይለኛል፤ መቼ ጠፋና?» አለችው። ከዚያ ወዲያ እልፍኙ ውስጥ ዝር አላለችም።

ያኔ ባልየው ጥፋቱ ገባው። ሠዓሊውን እንኳ አልጠበቀም፤ በገዛ እጁ ጭቃውን ፈንቅሎ ሐረጉን ወደ መሬት መለሰው። ሥራው ጠማማ ነበር፤ ይሁን። እጇን ይዞ አመጣት፤ ዝቅ ካለው ቦታ ሲደርሱም እሱ ራሱ አብሯት ተንበረከከ። አለቀሱ። ኋላም ተያይዘው ተነሡ፤ የዚያን ቀን እልልታዋ ጎረቤት ተሰማ።

መምህር አክሊሉ ወደ በላቸው ዘወር አሉ። «ልጄ፣ ያ ባል አንተ ነህ። ሐረጉን ያቃናህበት አዝነህለት ነው፤ ክፋት የለብህም። ነገር ግን ወዳጅህን ‹እርሳው› ስትለው ልጁን ሁለተኛ እየቀበርህበት ነው። ዛሬውኑ ሂድና የልጁን ስም አንተው ቀድመህ አንሣለት፤ ሲያለቅስም አጠገቡ ዝቅ በል።»