አደራ የበላው እንግዳ

ልጄ አስካለ ከትምህርት ቤት እንደገባች፣ ደብተሯን ሳታስቀምጥ፣ «እማዬ፣ ፈረንጅ መጥቶ እስኪያስተምረን ንግድ አናውቅም ነበር እንዴ? መምህራችን እንዲያ አሉን» ብላ ጠየቀችኝ። ደሜ ፈላ። አማተብኩና፣ ቀዝቀዝ ሲለኝ ይህን ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ጨው ነጋዴ። አሞሌውን በበቅሎ ጭኖ፣ በረሃ አቋርጦ ቡና አገር ይወርዳል። እዚያ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አለው፤ ሃይማኖቱም ቋንቋውም ሌላ ነው። ጨውን እሱ ቤት በአደራ ትቶ ይመለሳል። ምስክር የለ፣ ቁልፍ የለ። ክረምት አልፎ ሲመጣ ሽማግሌው ጨውን ሸጦ፣ ቡና ገዝቶ ይጠብቀዋል። ነጋዴው ራሱ ባይመጣ እንኳ፣ «ወንድሜ ነው» ብሎ ላስተዋወቀው ሰው ያስረክባል። ልማዱ ይኸው ነበር።

አንድ ዓመት ነጋዴው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ መንገድ ላይ ታሞ ወድቆ አገኘ። በበቅሎው ጭኖ፣ አብልቶ አጠጥቶ አዳነው። ገበያውን፣ ኬላውን፣ መስፈሪያውን አሳየው። ሽማግሌው ቤት ሲደርሱም፣ «ይህ ወንድሜ ነው» አለ። ስህተቱ ይቺ ናት።

ነጋዴው እንደ ልማዱ ጨውን ትቶ አገሩ ገባ። ክረምቱ እንደወጣ እንግዳው ቀድሞት ደረሰና፣ «ወንድሜ ልኮኛል» ብሎ ቡናውን ሁሉ አስጭኖ ወሰደ። በዚያው ገበያ መሐል ሱቅ ከፈተ።

ነጋዴው ሲመጣ ሽማግሌው ነገሩን ሳይደብቅ ነገረው። ከዚያ የራሱን ቡና ከጎተራ አወጣና፣ «ከእጄ ነው የጠፋው፤ እንካ» አለው።

«ኧረ በፈጣሪ! ወንድሜ ነው ያልኩህ እኔ አይደለሁ?»

«ቃሉ ያንተ ነው፤ አደራው ግን የኔ። ጫን በል፣ አታስመሽብኝ!»

እንግዳው ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ሳቀ። «አያችሁልኝ? ያልበላውን የሚከፍል! እናንተስ አልፏችኋል፤ ልጆቻችሁን ላኩልኝ፣ ንግድ ላስተምራቸው» አለ።

ላኩለት።

«አየሽ አስካለዬ፣ ነጋዴውና ሽማግሌው የኛ ሰዎች ናቸው፤ እንግዳው ያ ፈረንጅ ነው። መምህርሽ ደግሞ ከተላኩት ልጆች አንዱ ነው፤ አልፈርድበትም። አባቶቻችን ጻድቃን ነበሩ አልልሽም፤ ሰው የሸጡም ነበሩባቸው፤ እሱን እግዜር ይፍረድ። ንግድ ግን ያውቁ ነበር! አደራ በልቶ ሲያበቃ ‹አታውቁም› የሚለንን ሰው ምን ብለን ነው አስተማሪያችን የምንለው?»

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አስደርሼ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሩን፣ «የኔ ጌታ፣ ዛሬ አስካለ አንድ ታሪክ ትንገራችሁ» አልኩትና፣ ኋላ ወንበር ላይ ልጆቹን አስጠግቼ ተቀመጥኩ።