ታማ የተሸጠችው ጽጌረዳ

አንድ የችግኝ ነጋዴ ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። ከከተማው መውጫ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ሸራ ዘርግቶ አበባና የፍራፍሬ ችግኝ ይሸጣል። ክፉ ሰው አልነበረም። ለገዛው ሰው ችግኙን መኪናው ድረስ ተሸክሞ ያደርሳል፤ ጉድጓዱ ምን ያህል መጥለቅ እንዳለበት በክንዱ ለክቶ ያሳያል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በረዶ ወርዶ የችግኙን ግማሽ አውድሞበት ነበርና ከዚያ ወዲህ ፈሪ ሆኗል። አንዲት ቅጠል በረገፈች ቁጥር ልቡ ይደነግጣል።

ችግኞቹን የምትንከባከብለት ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። የትኛው ጥላ እንደሚወድ፣ የትኛው ውሃ ሲበዛበት ሥሩ እንደሚበሰብስ ጠንቅቃ ታውቃለች። ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የቅጠሎቹን ፊት ሳይሆን ጀርባቸውን ነው። «በሽታ ሲመጣ በፊት ለፊት አይገባም» ትላለች።

አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሌላ ከተማ አንድ ጭነት ጽጌረዳ መጣ። ሁሉም አብበዋል። ይርዳው አይቶ ፊቱ በራ። ትርንጎ ግን አንዷን አንስታ ቅጠሏን ገለበጠች። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ላይ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፏል። በጥፍሯ ነካ ስታደርገው ተንቀሳቀሰ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ተባይ አለባቸው» አለችው። «ከሌሎቹ ጋር አንቀላቅላቸው። ከጀርባ ለብቻቸው ላድርጋቸውና ሦስት ሳምንት በሳሙና ውሃ እያጠብኩ ልያቸው።»

«ሦስት ሳምንት? በዓሉ እኮ ደረሰ!»

«ታመዋል እኮ ጋሼ።»

«አሁን ማን ያየዋል? በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊያቸውና ፊት ለፊት ደርድሪያቸው። የገዛቸው ሰው ቤቱ ወስዶ ይንከባከባቸዋል።»

ትርንጎ ጨርቁን አነሳች። እየጠረገች «እንቁላሉ ግን ይቀራል» አለች፤ ይርዳው እንዳልሰማ ሆነ።

በበዓሉ ዋዜማ ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ወይዘሮ አስካለ በአጥሩ ጥግ አሥራ አንድ ጽጌረዳ ተክለው ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ያለችውን መኪና ሲዞር ገጭቶ ሰብሯታል።

«ክፍተቱን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል» አሉ። «በበዓል እንዲህ ሆኖ ባይቆይ ብዬ ነው። ጥሩዋን አንተው ምረጥልኝ፤ እኔ አላውቅበትም።»

ይርዳው በአበባ የተሞላችውን መረጠላቸው። «ውሃ ብቻ አይጉደልባት» ብሎም መከራቸው። ትርንጎ ከኋላ ቆማ ነበር። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

በዓሉ አለፈ። ጽጌረዳዎቹ ሁሉ ተሸጠው አለቁ። ይርዳውም ነገሩን ረሳው።

ኅዳር ወር ላይ ጋሽ ሽብሩ ተመልሰው መጡ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ይርዳው ከሩቅ ሲያያቸው ገባውና መልሱን በልቡ ማዘጋጀት ጀመረ፤ ፀሐዩ ነው ልበላቸው? አፈሩ ነው ልበላቸው?

ሽማግሌው ግን ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ጥፋቴን እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት» አሉ። ጋዜጣውን ሲፈቱት የደረቀ ቅርንጫፍ ወጣ። «አስካለ በኖረችበት ዘመን ሁሉ አንዲት እንኳን አልደረቀችባትም። እኔ በሁለት ወር ሰባቱን ፈጀኋቸው። መጀመሪያ አንተ የሰጠኸኝ ደረቀች፤ ከዚያ ጎረቤቷ፤ ከዚያ ቀጣይዋ። ውሃ አብዝቼ ይሆናል ብዬ ቀነስኩ። ደግሞ አሳንሼ ይሆናል ብዬ ጨመርኩ። የኔ እጅ ለአትክልት አይሆንም። እባክህ የቀሩትን አራቱን ነቅለህ ውሰድልኝ። እኔ ጋ ከሚሞቱ አንተ ጋ ይዳኑ።»

ይርዳው ቅርንጫፉን ተቀበለ። ነጩ ጥጥ ከሥር እስከ ጫፍ ወሮታል። ምላሱ ላይ የመጣለት ቀላል መልስ ነበር፤ «አዎ፣ ውሃ አብዝተዋል» ቢል ሁሉም ነገር በዚያው ያልቃል። ሽማግሌው አመስግነውት ይሄዳሉ። የሚያውቅበት ሰው ትርንጎ ብቻ ናት፤ እሷም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«ውሃ...» ብሎ ጀመረ። ቀና ሲል የሽማግሌውን ፊት አየ። እንደሚቀጣ ተማሪ ፍርዳቸውን እየጠበቁ ነው። የጀመረውን ትቶ ቅርንጫፉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እጅዎ ምንም አላጠፋም» አለ። «ጽጌረዳዋ ከዚህ ስትወጣ ታማ ነበር። ሌሎቹም ያለቁት ከእሷ ተጋብቶባቸው ነው። አውቄ ነው የሸጥኩልዎት።»

«እኔም አውቅ ነበር፣ አባቴ» አለች ትርንጎ።

ጋሽ ሽብሩ አጠገባቸው ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ እኮ በየጠዋቱ ውሃ ሳጠጣ አስካለን ይቅርታ ስጠይቃት ነው የከረምኩት» አሉ። «አደራዋን የበላሁ መስሎኝ ነበር። አበባውስ ይሁን። እኔን ግን ሁለት ወር ሙሉ ከራሴ ጋር አጣላኸኝ።»

ይርዳው አንገቱን ደፋ። «ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ይቅርታውን ኋላ እናየዋለን» አሉ ሽማግሌው እየተነሱ። «አሁን ተነሱ። የቀሩት አራቱ ገና አልሞቱም።»

የዚያን ቀን ሱቁ በቀትር ተዘጋና ሦስቱም ወደ ጋሽ ሽብሩ ግቢ ሄዱ። ትርንጎ የታመመውን ቅርንጫፍ ሁሉ እየቆረጠች አቃጠለች። ይርዳው ተንበርክኮ እያንዳንዱን ቅጠል ፊቱንና ጀርባውን በሳሙና ውሃ አጠበ። በጋውን ሙሉ በሳምንት ሁለቴ እየሄደ ይህንኑ አደረገ። ከአራቱ አንዷ አልተረፈችም። ሦስቱ ግን ጥር ሲገባ ቀያይ እንቡጥ አወጡ። ትርንጎ ከሦስቱ ቅርንጫፍ እየቆረጠች፣ አፈር በተሞላ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ተከለች።

ይርዳው በዚህ አላበቃም። ከዚያ ጭነት የገዙትን፣ የሚያውቃቸውን ያህል፣ ቤታቸው ድረስ እየሄደ ነገራቸው። አንዷ ሴት ሰድባ በሩን ዘጋችበት። አንድ ሰውዬ ጽጌረዳው የት እንደተተከለ እንኳ አላስታወሰም። ሌላዋ ደግሞ «እኔኮ የጎረቤቴ ዓይን መስሎኝ ከጎረቤቴ ጋር መነጋገር አቁሜያለሁ» አለችው። ይርዳው ይህን ሲሰማ ከስድቡ የበለጠ አመመው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቁ የሚመጣ ተክል ሁሉ ከጀርባ ለብቻው ሦስት ሳምንት ይቆያል። ትርንጎ «ድናለች» ሳትል ወደ ፊት የሚወጣ የለም። ደንበኛ ቢለምን፣ ቢቆጣም፣ መልሱ አንድ ነው፤ «ገና ነች፣ አልሸጥልዎትም።» ተናደው ወደ ሌላ ሱቅ የሄዱ አሉ። ያልተመለሱም አሉ።

ክረምቱ ሲገባ ከተተከሉት ቅርንጫፎች አምስቱ ሥር ሰደዱ። ይርዳው ተሸክሞ ወሰዳቸው። ጋሽ ሽብሩ ጉድጓዱን ቆፍረው፣ እንደ ቀያሽነታቸው ርቀቱን በገመድ ለክተው ጠበቁት። አጥሩ ዙሪያውን አልሞላም፤ ክፍተት አለው። ሽማግሌው አንዷን ችግኝ ከእጁ ተቀበሉና አፈር እያለበሱ፣ ቀና ሳይሉ «ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። ይርዳው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ እንባውን እንዳያዩበት።

ወዳጄ ሆይ፣ የሸፈንነው ጥፋት ከደጃችን ስለወጣ አይጠፋም፤ የሚሸከመው ሰው ይለወጣል እንጂ። አብዛኛውን ጊዜም የሚሸከመው የሚያምነን ሰው ነው። ስለሚያምነን እኛን አይጠረጥርም፤ ራሱን ይጠረጥራል፤ አንዳንዴም ምንም ያላደረገውን ጎረቤቱን። እውነቱን መናገር የደረቀውን ሁሉ አያለመልምም። ነገር ግን ሰው ያልበደለውን በደል ከትከሻው ያወርድለታል፤ የቀረውንም ለማዳን ጊዜ ይሰጣል።

እስቲ እናስብ፤ እኛ ዝም ስላልን ዛሬ ራሱን እየወቀሰ ያለ ሰው ይኖር ይሆን? ካለስ፣ ቤቱን እናውቀው የለም?